ከካጓና እስከ ሞንሲዮን፦ የታይኖዎች እምነት በካሪቢያን ምድር

በፖርቶ ሪኮ ደሴት መሃል፣ ከኡቱዋዶ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሾጣጣ የኖራ ድንጋይ ኮረብቶች በከበቡት ሸለቆ ውስጥ ካጓና የሚባል ቦታ አለ። ታናማ ወንዝ ከጎኑ ይፈስሳል። ቦታው በእጅ የተደለደሉ፣ ሣር የለበሱ ሜዳዎች ስብስብ ነው፤ በየሜዳው ዳር ከወንዝ የመጡ ድንጋዮች ተተክለዋል። በዋናው አደባባይ ምዕራባዊ ጎን ከቆሙት ድንጋዮች በበርካታዎቹ ላይ ፊቶችና አካላት ተፈልፍለው ይታያሉ። ከሁሉም ስሟ የገነነው እግሮቿን እንደ እንቁራሪት አጥፋ የተቀመጠችው፣ በራሷ ላይ ጌጥ የደፋችው ሴት ናት። ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የውሃና የወሊድ እናት ከምትባለው ከአታቤይ ጋር ያያይዟታል። ፀሐይ በቁልቁል በምትመታበት በእኩለ ቀን ቅርጿ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል፤ ብርሃኑ በአግድም ሲመጣ ግን ጥላው በመስመሮቹ ውስጥ ይገባና ሴቲቱ ከድንጋዩ ትለያለች። ስለዚህ ቦታውን ለማየት የሚሄድ መንገደኛ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ቢሄድ ይሻለዋል።

ካጓናን የሠሩት ሰዎች ዛሬ ታይኖ ይባላሉ። ስያሜው የኋለኛ ዘመን ተመራማሪዎች ምርጫ ነው፤ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1492 ጓናሃኒ ደሴት ላይ ሲወርድ ያገኛቸው ሰዎች ራሳቸውን በአንድ የብሔር ስም የሚጠሩ አልነበሩም። ቅድመ አያቶቻቸው ከደቡብ አሜሪካ፣ ከኦሪኖኮ ወንዝ ወገን በታንኳ ከደሴት ደሴት እየተሻገሩ የመጡ የአራዋክ ቋንቋ ቤተሰብ ተናጋሪዎች ናቸው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ልጆቻቸው በፖርቶ ሪኮ፣ ዛሬ ሃይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ በሚጋሯት በሂስፓኞላ፣ በጃማይካ፣ በኩባና በባሃማስ ደሴቶች ይኖሩ ነበር። ካሲኬ የሚባሉ አለቆች ያስተዳድሯቸዋል፤ ሴትም ካሲኬ ትሆናለች። ከአለቃው ቀጥሎ ክብር የነበረው ቤሂኬ የተባለው መድኃኒተኛና የመንፈስ ሰው ነው።

አርኪዮሎጂስቱ ጆን አልደን ሜሰን ካጓናን በ1915 ቆፍሮ አጠና፤ በኋላም ሪካርዶ አሌግሪያ የመራው የፖርቶ ሪኮ ባህል ተቋም አድሶ ለሕዝብ ከፈተው። ሜዳዎቹ ባቴይ ይባላሉ፤ በእነሱ ላይ የሚደረገው የኳስ ጨዋታም በዚሁ ስም ይጠራል። ኳሱ ከዛፍ ሙጫና ከሥር የተሠራ ነው፤ የስፔን ጸሐፊዎች ከዚያ በፊት እንዲህ የሚነጥር ነገር ስላላዩ በመገረም ገልጸውታል። ተጫዋቾች በእጅ ሳይነኩ በዳሌ፣ በትከሻና በጉልበት ይመልሱታል። ሴቶችም ለብቻቸው ይጫወቱ ነበር። በመንደሮች መካከል ውርርድ ይያዝበታል፤ የጨዋታው ውጤት አንዳንዴ የሰው ሕይወት እስከሚያስወስን የከበደ እንደነበር ተጽፏል። በፖርቶ ሪኮ የሚገኙት ከባድ የድንጋይ ቀለበቶች ከዚህ ጨዋታ ሥርዓት ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ይታመናል፤ ይሁን እንጂ አንዱን ተሸክሞ ማንም መሮጥ የሚችል አይመስልም።

በዚያው አደባባይ አሬይቶ ይደረግ ነበር። አሬይቶ ዘፈንም ጭፈራም ታሪክም ነው። ሰዎች እጅ ለእጅ ወይም ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይሰለፋሉ፤ መሪው አንድ ስንኝ ሲያወጣ ሌሎቹ እየደገሙ በእኩል እርምጃ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳሉ። ከተቦረቦረ ግንድ የተሠራ ከበሮና የማራካ ድምፅ ያጅባቸዋል። ይህ ሌሊቱን ሙሉ ሊዘልቅ ይችላል። ፊደል ላልነበረው ሕዝብ የአለቆች ትውልድ፣ የጦርነትና የሰላም ታሪክ፣ የአማልክት ሥራ ሁሉ የሚቀመጠው በዚህ ዘፈን ነው፤ ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው የመሬቱንም መብት ያውቃል ማለት ይቻላል። ከአሬይቶ ደራሲዎች ስሟ የቀረው በሂስፓኞላ የሃራጓ እመቤት አናካኦና ናት። በ1503 የስፔኑ ገዥ ኒኮላስ ዴ ኦቫንዶ ወደ ግዛቷ ሲመጣ በድግስና በጭፈራ ተቀበለችው። እሱ ግን አለቆቿን አንድ ቤት ውስጥ አሰባስቦ በእሳት አስፈጃቸው፤ እሷንም ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ አስወስዶ በስቅላት አስገደላት። ከእሷ ዘፈኖች አንዱም ተጽፎ አልቀረም።

ስለ ታይኖዎች አፈ ታሪክ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከአንድ ሰው ነው። ራሞን ፓኔ የሚባል የሄሮኒማዊ ሥርዓት መነኩሴ ኮሎምበስን ተከትሎ በሁለተኛው ጉዞ ሂስፓኞላ ገባ፤ መጀመሪያ ከማኮሪክስ ሰዎች፣ ቀጥሎም ከካሲኬ ጓሪዮኔክስ ዘንድ ተቀምጦ ቋንቋ ተማረ። የሰማውን በ1498 ገደማ ጻፈ። ፓኔ የተማረ ሰው አልነበረም፤ በጽሑፉም ወረቀት እንዳነሰው፣ መጨረሻ መሆን የነበረበትን ምናልባት መጀመሪያ እንዳስቀመጠ ይናገራል። ይህ ግልጽነቱ ከሠለጠኑት ታሪክ ጸሐፊዎች ይልቅ ተአማኒ ያደርገዋል፤ ያልገባውን ለማስተካከል አልሞከረም። የስፔንኛው ዋና ጽሑፍ ጠፍቷል። ዛሬ የሚነበበው በ1571 ቬኒስ ላይ በጣሊያንኛ ከታተመ የኮሎምበስ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ገብቶ የቀረው ነው። የአማልክቱ ስሞች በሁለት አውሮፓዊ ቋንቋዎች ውስጥ አልፈው ስለመጡ በየመጽሐፉ አጻጻፋቸው ይለያያል።

በፓኔ ዘገባ መሠረት የሰው ልጅ የወጣው ከዋሻ ነው። ካኦናኦ በሚባል አውራጃ ካውታ የሚባል ተራራ አለ፤ በተራራው ላይ ሁለት ዋሻዎች አሉ፤ የደሴቲቱ ሕዝብ አብዛኛው ካሲባሃጓ ከተባለው ወጣ። ሰዎቹ በዋሻው ሳሉ ማኮካኤል የሚባል ሰው ሌሊት ሌሊት በሩን ይጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ወደ በሩ ለመመለስ ዘገየና ፀሐይ ያዘችው፤ እዚያው ድንጋይ ሆነ። ዓሣ ሊያጠምዱ የወጡትንም ፀሐይ ይዛ ሆቦ ወደሚባል የፍሬ ዛፍ ለወጠቻቸው። ለገላ ማጠቢያ የሚሆን ቅጠል እንዲለቅም ማልዶ የተላከው ያሁባባ ደግሞ በጠዋት የሚዘምር ወፍ ሆነ። ድንጋዩ፣ ዛፉና ወፉ ሁሉ እንግዲህ የዘገዩ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ጓሃዮና የሚባል ሰው ሴቶቹን ሁሉ አሳምኖ ይዟቸው ሄደና ማቲኒኖ በምትባል ደሴት ጥሏቸው ተመለሰ። ልጆቹ በወንዝ ዳር ቀሩ፤ እናቶቻቸውን ጡት እየጠየቁ አለቀሱ፣ በመጨረሻም እንቁራሪት ሆኑ። በፖርቶ ሪኮ ሌሊት የኮኪ እንቁራሪቶችን ጩኸት ለሰማ ሰው ይህ ታሪክ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሴት ያጡት ወንዶች ኋላ ላይ ወንድም ሴትም ያልሆኑ፣ እንደ ዓሣ የሚያሟልጩ ፍጥረቶች ከዛፍ ሲወርዱ አዩ። እጃቸው በቆዳ በሽታ የሻከረ ሰዎች ያዟቸው፤ ግንደ ቆርቁር የተባለውን ወፍ አሠሩባቸውና ወፉ እንጨት መስሎት ቆረቆረ፤ እንዲህም ሴቶች እንደገና ተገኙ።

የባሕር አፈጣጠር ታሪክ ከሁሉም የከበደ ነው። ያያ የሚባል ሰው ሊገድለው የነበረውን ልጁን ያያኤልን ገደለ፤ አጥንቱንም በቅል አድርጎ ከቤቱ ጣሪያ ላይ ሰቀለው። አንድ ቀን ልጁን ሊያይ ቅሉን ሲያወርድ አጥንቱ ዓሣ ሆኖ አገኘው፤ እሱና ሚስቱም በሉት። ያያ እርሻውን ሊያይ በወጣበት ቀን እናታቸው በወሊድ የሞተችባቸው አራት መንታ ወንድማማቾች መጡ። የመጀመሪያው ዴሚናን ካራካራኮል ይባላል። ቅሉን አውርደው ዓሣውን ሲበሉ ያያ ሲመለስ ሰሙ፤ በጥድፊያ ሊሰቅሉት ሲሉ ወድቆ ተሰበረ። ከውስጡ የወጣው ውሃ ምድሪቱን ሞላ፤ ብዙ ዓሣም አብሮ ወጣ፤ ባሕር የመጣው ከዚህ ነው። ልጅን መግደል፣ መብላትና መስረቅ አንድ ላይ ተገምደው የደሴት ነዋሪን የዕለት ምግብ ያመጡበት ይህ ታሪክ ለፓኔ ተረት ብቻ ነበር። አጥንትን በቤት ውስጥ በቅርጫትና በቅል የማስቀመጥ ልማድ በታይኖዎች ዘንድ እንደነበረ ለሚያውቅ ግን ታሪኩ የሟቾች አጥንት ለምን እንደማይጣል የሚያስረዳ ሕግ ነው።

ወንድማማቾቹ ሽሽታቸውን ቀጥለው ካሳቫ የሚጋግር አንድ ሽማግሌ ቤት ደረሱ። ዴሚናን እንጀራ ሲለምነው ሽማግሌው ተቆጥቶ ኮሆባ በተባለ ዱቄት የተሞላ አክታውን ጀርባው ላይ ተፋበት። ጀርባው አበጠ፤ ለሞት ደረሰ። ወንድሞቹ በድንጋይ መጥረቢያ ሲከፍቱት በሕይወት ያለች ኤሊ ወጣች። ይህ ታሪክ ለታይኖዎች የአምልኮ ሥርዓት ቁልፍ ነው፤ ካሳቫ፣ እሳትና ኮሆባ ሰዎች ዘንድ የደረሱት በልመና፣ በስርቆትና በሕመም እንደሆነ ይናገራል።

ኮሆባ ከአንድ የዛፍ ፍሬ ዘር ተፈጭቶ የሚዘጋጅ፣ በአፍንጫ የሚሳብ፣ ራእይ የሚያሳይ ዱቄት ነው። ካሲኬው ወይም ቤሂኬው አስቀድሞ ይጾማል። ከዚያ ማናቲ ከተባለ ትልቅ የባሕር አጥቢ እንስሳ የጎድን አጥንት የተሠራ ቀጭን ማንኪያ መሰል ዕቃ ጉሮሮው ውስጥ አስገብቶ ያስታውካል፤ ሆዱ ባዶና ንጹሕ መሆን አለበት። ቀጥሎ ዱሆ በተባለ ከእንጨት በተጠረበ ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። በእንግሊዝ ሙዚየም የሚገኝ አንድ ዱሆ አራት እግር ያለው ሰው መስሎ የተጠረበ ነው፤ ዓይኖቹና አፉ በወርቅ ተለብጠዋል። ሰውየው ባለ ሁለት ቀንድ ቱቦ አፍንጫው ላይ አድርጎ ዱቄቱን ይስባል፤ ራሱን ዘንበል አድርጎ ለጊዜው ዝም ይላል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ሰማይ አንሥቶ ያየውን ይናገራል። ፓኔ እንደሚለው አንድ የቀድሞ ካሲኬ በእንዲህ ዓይነት ጾም ልብስ የለበሱ ሰዎች መጥተው ሕዝቡን እንደሚገዙና እንደሚገድሉ ሰምቶ ነበር። የሚመጡት መጀመሪያ ጎረቤቶቻቸው ካሪቦች መስለዋቸው ነበር፤ ኋላ ግን ስለ ስፔኖች የተነገረ ነው አሉ።

በኮሆባ የሚነጋገሩት ከሴሚዎች ጋር ነው። ሴሚ መንፈሱም ነው፣ መንፈሱ ያደረበት ድንጋይ፣ እንጨት፣ አጥንት ወይም ጥጥም ነው። አንድ ሰው በመንገድ ሲሄድ ሥሩ የሚንቀሳቀስ ዛፍ ቢያይ ቤሂኬ ይጠራል፤ ቤሂኬው ኮሆባ ስቦ ዛፉን ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግና እንዴት ተጠርቦ እንዲሠራ እንደሚሻ ይጠይቀዋል። ቅርጹን የሚወስነው እንግዲህ ጠራቢው ሳይሆን ዛፉ ነው። ሴሚዎች ይወረሳሉ፣ ይሰረቃሉ፣ ይኮበልላሉም፤ ኦፒየልጓቢራን የተባለው ባለ አራት እግር፣ ውሻ መሰል ሴሚ ሌሊት ወደ ጫካ እየሸሸ በገመድ ታስሮ ይመለስ ነበር፤ ክርስቲያኖች ሲመጡ ግን ወደ ሐይቅ ገብቶ አልተመለሰም ይባላል። ከሁሉም በላይ ያለው ዩካሁ ነው፤ የካሳቫና የባሕር ጌታ፣ እናት እንጂ አባት የሌለው። እናቱ አምስት ስም ያላት አታቤይ ናት። ሦስት ጫፍ ያላቸው፣ እንደ ትንሽ ተራራ የሾሉ ድንጋዮች ከዩካሁ ጋር ይያያዛሉ፤ ምርት እንዲበዛ በካሳቫ ማሳ ውስጥ ይቀበሩ ነበር።

ይህን ያላወቀ ሰው በ1490ዎቹ በጓሪዮኔክስ መንደር የሆነውን ሊረዳው አይችልም። ፓኔና ጓደኞቹ ከመንደሩ ሲለቁ በጸሎት ቤቱ የክርስቲያን ምስሎችን ትተው ነበር። የጓሪዮኔክስ ሰዎች ምስሎቹን ወስደው እርሻ ውስጥ ቀበሯቸው፤ ሽንታቸውንም ሸኑባቸው፤ ፍሬያችሁ ከእንግዲህ መልካምና ትልቅ ይሆናል አሉ። የኮሎምበስ ወንድም ባርቶሎሜ ነገሩን እንደ ድፍረት ቆጥሮ ሰዎቹን በእሳት አቃጠላቸው። ፓኔም እንደ ድፍረት ጻፈው። ነገር ግን ሰዎቹ ያደረጉት ለራሳቸው ሴሚዎች የሚያደርጉትን ነው፤ የመጤዎቹን አምላክ ኃይል አምነው በማሳቸው ሥራ ሊሰጡት ፈለጉ። በአሜሪካ ምድር በሃይማኖት ስም ከተፈጸሙት የመጀመሪያዎቹ ግድያዎች አንዱ የሆነው ይህ፣ የንቀት ሳይሆን የአክብሮት ቅጣት ነበር ማለት ይቻላል። ፓኔ ራሱ ከቦታው ኋላ የበቀለው ሥር እንደ መስቀል ተሻግሮ መገኘቱን እንደ ተአምር ይነግረናል።

ለሙታን አገር ነበራቸው፤ ኮአይባይ ይባላል። ሙታኑ ቀን ተዘግተው ይውላሉ፣ ሌሊት ወጥተው ይዝናናሉ፣ ጓቫ (ዘይቱን) ይበላሉ፣ ከሕያዋን ጋርም ይጨፍራሉ። ሕያውን ከሙት ለመለየት ሆድን መዳበስ ይበቃል፤ ሙት እምብርት የለውም። በብዙ የታይኖ ቅርጾች ላይ እምብርት ጎልቶ የሚታየው ከዚህ የተነሳ ነው ይላሉ ተመራማሪዎች። ፀሐይና ጨረቃም ከዋሻ የወጡ ናቸው፤ ኢጓናቦኢና በተባለው በዚያ ዋሻ ቦይናዬልና ማሮሁ የሚባሉ እጃቸው የታሠረ፣ የሚያልባቸው የሚመስሉ ሁለት ትናንሽ የድንጋይ ሴሚዎች ነበሩ። ዝናብ ሲጠፋ ሰዎች ሄደው ይጎበኟቸዋል፤ ወዲያው ይዘንባል። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በሳን ክሪስቶባል አቅራቢያ የሚገኙት የፖሚየር ዋሻዎች፣ ግድግዳቸው በጥቁር ቀለም በተሳሉ ወፎች፣ ዓሦችና ኮሆባ በሚስቡ ሰዎች የተሞላው፣ ዋሻ ለዚህ ሕዝብ ምን እንደነበረ ከየትኛውም መጽሐፍ ይበልጥ ያስረዳሉ።

የነፋስ እመቤት ጓባንሴክስ ናት፤ ከቁጣዋ በፊት መልእክተኛዋ ጓታኡባ በነጎድጓድ ያውጃል፣ ኮአትሪስኪዬ ውሃን በሸለቆ ሰብስቦ ይለቃል። የኩባው ምሁር ፈርናንዶ ኦርቲስ በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በኩባ የተገኙ አንድ ክንዳቸው ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች የተጠማዘዘ የሴራሚክ ፊቶች የሚሽከረከረውን አውሎ ነፋስ የሚያሳዩ ናቸው ብሎ ተከራከረ። ልክ ከሆነ ታይኖዎች የአውሎ ነፋስን መዞር ሳይንስ ከማወቁ በፊት አስተውለዋል ማለት ነው። በፖርቶ ሪኮ ፖንሴ አጠገብ ያለውን የቲቤስ የሥርዓት ሥፍራም ያጋለጠው በ1975 ኤሎይዝ የተባለው ማዕበል ያመጣው ጎርፍ ነው፤ ከካጓና የሚቀድሙ ሜዳዎችና መቃብሮች ከአፈር ሥር ወጡ።

ጥፋቱ ፈጣን ነበር። በወርቅ ማውጫ የግዳጅ ሥራ፣ ረሃብ፣ ጦርነትና ከ1518 ጀምሮ የገባው ፈንጣጣ ሕዝቡን ጨረሱት። በ1514 ሂስፓኞላ ላይ ለስፔኖች ሲከፋፈሉ የተቆጠሩት ሰዎች ከ30 ሺህ በታች ነበሩ። ኩባ ላይ ካሲኬው ሃቱዌይ በ1512 ተቃጠለ፤ ካሲኬው ኤንሪኪዮ በሂስፓኞላ በባሆሩኮ ተራሮች ከ1519 እስከ 1533 ተዋግቶ ከስፔን ንጉሥ ጋር ሰላም አደረገ። ከዚያ በኋላ በመዝገብ ላይ የሚታየው መቀነስ ብቻ ነው። ነገር ግን መዝገብ ማለት ሕዝብ ማለት አይደለም። ወደ ተራራ የሸሹት፣ ከአፍሪካ በባርነት ከመጡትና ካመለጡት ጋር የተቀላቀሉት፣ ከስፔኖች የወለዱት በቆጠራው በሌላ ስም ገቡ። በፖርቶ ሪኮ ማሪካኦ አካባቢ ያሉ ቀበሌዎች እስከ ዛሬ ኢንዲዬራ (የኢንዲያኖች ሥፍራ) ይባላሉ።

የቀረውን ለማየት ወደ ሞንሲዮን መሄድ ጥሩ ነው። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሰሜን ምዕራብ ያለችው ይህች ከተማ በካሳቤ፣ ማለትም በካሳቫ ቂጣ፣ ትታወቃለች። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በወላይታና በጋሞ የካሳቫ ሥር የሚያውቅ ሰው ተክሉን ወዲያው ይለየዋል። መራራው ዓይነት መርዝ አለው። ስለዚህ ሥሩ ይላጣል፣ ይፈገፈጋል፣ ሲቡካን በሚባል ረጅም የተጎነጎነ ከረጢት ውስጥ ገብቶ በክብደት እየተጎተተ ይጨመቃል፤ መርዛማው ውሃ ይወጣል። የቀረው ዱቄት ይነፋና ቡሬን ላይ ይበተናል። ቡሬን ከእንጀራ ምጣድ ጋር የሚመሳሰል ክብ የሸክላ መጋገሪያ ነው፤ ዛሬ ብዙ ቦታ ብረት ተክቶታል። ውሃ አይጨመርም፤ ዱቄቱ በራሱ እርጥበት ተያይዞ ደረቅ፣ ቀጭን ቂጣ ይሆናል። ለወራት ይቆያል፤ ስፔኖች መርከቦቻቸውን የሞሉበት ስንቅ ይኸው ነው። በታኅሣሥ 2024 ዩኔስኮ ይህን ዕውቀት በኩባ፣ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ በሃይቲ፣ በሆንዱራስና በቬንዙዌላ ስም በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው። ዩካሁን ማንም አይጠራውም፤ ሥራው ግን በየቀኑ ይሠራል።

በመንፈስ ሥርዓትም እንዲሁ ነው። ገበሬዎች ከማሳ የሚያወጧቸውን የታይኖ የድንጋይ መጥረቢያዎች በሃይቲና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከመብረቅ ጋር የወደቁ ናቸው ይሏቸዋል፤ በቩዱ መሠዊያ ላይ በዘይት ሳህን ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉ። ድንጋዩ ታይኖ ነው፤ ስለ መብረቅ ያለው እምነት ግን ከአፍሪካም ከአውሮፓም የመጣ ነው። በዶሚኒካን የቩዱ ሥርዓት «ኢንዲያ» የተባለ የመናፍስት ክፍል አለ፤ በምንጭና በወንዝ ዳር ይጠራል፤ ከመናፍስቱ አንዷ አናካኦና ናት። የተሰቀለችው ካሲኬ አሬይቶዋ ጠፍቶ ስሟ በአፍሪካውያን ልጆች ከበሮ ተመልሷል። በ1971 ደግሞ ቲቴ ኩሬት አሎንሶ የደረሰውና ቼዎ ፌሊሲያኖ የዘፈነው «አናካኦና» የተባለ የሳልሳ ዘፈን በመላው ካሪቢያን ተሰማ።

መንግሥታት የተጠቀሙበት መንገድ ያን ያህል ንጹሕ አይደለም። የነፃነት መሪው ደሳሊን በጥር 1804 ነፃ የወጣችውን አገር ሃይቲ ብሎ ሲሰይም፣ ከባርነት የተላቀቁት ጥቁሮች የቀድሞዎቹን ተበዳዮች ስም አነሡ፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነበር። በጎረቤት አገር ግን ነገሩ ተገለበጠ። ማኑኤል ዴ ሄሱስ ጋልቫን በ1882 ሙሉ በሙሉ ያሳተመው «ኤንሪኪዮ» የተሰኘ ልቦለድ ታይኖውን የአገር ጀግና አደረገው፤ በአምባገነኑ ትሩሂዮ ዘመን ደግሞ ጠይም ቆዳ ያለው ዶሚኒካናዊ በመታወቂያው ላይ «ኢንዲዮ» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ስሙ ታይኖን ለማክበር ሳይሆን አፍሪካን ላለመጥራት አገለገለ። በፖርቶ ሪኮ በ1955 የተመሠረተው የባህል ተቋም ዓርማ ሦስት ሰዎችን ጎን ለጎን ያቆማል፤ ታይኖው ሴሚ፣ ስፔናዊው መጽሐፍ፣ አፍሪካዊው ከበሮ ይዘዋል። ሥዕሉ ውብ ነው፤ ሦስቱ ግን አይነካኩም። ሮም ውስጥ በፒጎሪኒ ሙዚየም ያለው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ ሴሚ የተሻለ ይናገራል፤ ጥጥና የዛጎል ዶቃው የታይኖ፣ መስታወቱ የአውሮፓ፣ የአንዱ ፊቱ ቀንድ ደግሞ የአፍሪካ አውራሪስ ነው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ በፖርቶ ሪኮና በኒው ዮርክ ራሳቸውን ታይኖ ብለው የሚጠሩ ማኅበራት ተነሥተዋል። በ2005 ጥቂቶቹ ካጓናን ይዘው ተቀመጡ፤ የቅድመ አያቶቻቸው አጥንት ከሙዚየም ወጥቶ እንዲቀበር ጠየቁ። አንዳንድ ምሁራን የእንቅስቃሴው ዓላማ አፍሪካዊውን ሥር መሸፈን ነው ብለው ይወቅሳሉ፤ ወቀሳው መሠረት አለው፤ ለሁሉም ግን አይሠራም። የዘር ጥናት ደግሞ ጉዳዩን አጠናክሮታል። በእናት በኩል ብቻ የሚወረሰው ዲኤንኤ በፖርቶ ሪኮ ሲመረመር ከ10 ሰዎች በ6 ያህሉ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ምንጭ ተገኝቷል፤ በአባት በኩል ግን አብዛኛው አውሮፓዊ ነው። ማን ማንን በምን ሁኔታ እንደወለደ ቁጥሩ ሳይናገር አይቀርም። በ2018 የታተመ ጥናትም ባሃማስ ውስጥ በኤሉቴራ ደሴት ዋሻ ከተገኘ ጥርስ የአንዲት ሴትን ሙሉ ዘረመል አነበበ፤ ሴቲቱ ኮሎምበስ ከመምጣቱ ብዙ ዘመን በፊት የኖረች ስትሆን የዛሬዎቹ ፖርቶ ሪኮዎች ከሕዝቧ ጋር ይዛመዳሉ። በምሥራቅ ኩባ ተራሮች ካሪዳድ ዴ ሎስ ኢንዲዮስ በሚባል መንደር ያሉ ቤተሰቦች ግን ዲኤንኤ ሳይጠብቁ ቅድመ አያቶቻቸውን ሲናገሩ ኖረዋል።

ክርክሩ አሁን ወደ ዕቃዎቹ ዞሯል። በ2007 ፖንሴ አጠገብ ለግድብ ሲቆፈር ሃካና የተባለው ባቴይ ተገኘ፤ ብዙ ዕቃና አጥንት ለጥናት ወደ አሜሪካ ጆርጂያ ግዛት መወሰዱ ቁጣ ቀሰቀሰ። ጃማይካ ደግሞ በ1792 ከካርፔንተርስ ተራራ ዋሻ የተገኙትን የእንጨት ሴሚዎች ከእንግሊዝ ሙዚየም ትጠይቃለች። ከእነዚህ አንዱ፣ ከዓይኖቹ ሥር እንባ የሚወርድባቸው ቦዮች የተጠረቡለት ቁመተ ረጅም ሰው፣ ብዙዎች ዝናብ ሰጪው ቦይናዬል ነው ይሉታል። ሙዚየሙ እንዳይመልስ የ1963 ሕጉ እንደሚያግደው ይናገራል፤ የጃማይካ መንግሥት ግን ጥያቄውን አልተወም።